ካራቫኑ፣ ሁለቱ ኩንታል ጤፍና የዓባይ በረሃ

ከፍኖተ ሰላም የደረሰኝ ደብዳቤ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲመጣ ካራቫኑን፣ በመኪና የሚሳበውን ባለጎማ ቤት፣ በጅቡቲ አስገብቶ ለእኛ ተወልን። ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በደብል ጋቢና ፒካፔ እየሳብኩ ከአዲስ አበባ አመጣሁት። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱን ስጀምር የፒካፑ ኋላ ዘጭ አለ፣ አፍንጫው ሰማይ አየ፣ መሪው እጄ ላይ ተንሳፈፈ። ደጀን ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ የፊት መብራቴ መንገዱን ትቶ ዛፍ ያበራል። ከወር በኋላ ለአዲስ አበባ ዘመዶች ሁለት ኩንታል ጤፍ ከኋለኛው አልጋ ሥር ጭነን ስንመለስ ግን ፒካፑ ቀና ብሎ ነበር። ደስ አለኝ። ሉማሜ አካባቢ አንድ አውቶብስ ሲቀድመን ካራቫኑ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። ባለቤቴ ‹ማርያም! ማርያም!› አለች። አሁን ሰው ሁሉ ‹ክብደት አከፋፋይ ጋንቾ ግዛ› ይለኛል። በያጁ ጎረቤቴ ደግሞ ‹ከአይሱዙ ባሊስትራ ቆርጬ እሠራልሃለሁ› ይላል። ማንን ልስማ? ከገዛሁስ ምን ዓይነቱን?»

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሁለት በሽታ አየሁበት። ከአዲስ አበባ ስትመጣ ያመመህና ስትመለስ ያመመህ የተለያዩ ናቸው። «ደስ አለኝ» ያልክባት ቦታ ላይ ደግሞ እኔ ደነገጥኩ።

እስቲ በጋሪ እንየው። እናንተ ከተማ ጋሪ የማያውቅ የለም። ባለጋሪው ጭነቱን ወደ ፊት ካበዛው ዘንጉ የፈረሱን ጀርባ ይጫነዋል። ወደ ኋላ ካበዛው ዘንጉ ወደ ላይ ይነሳና ፈረሱን ከሆዱ ሥር ሊያነሳው ይደርሳል። ያን ጊዜ «ፈረሴ ቀለለው» ብሎ የሚደሰት ባለጋሪ አይቼ አላውቅም። ወርዶ ጆንያውን ወደ ፊት ይስባል። አንተ ስትመጣ የፈረሱ ጀርባ ተጭኖ ነበር። ስትመለስ ደግሞ ጤፉ ዘንጉን አነሳው። ፒካፑ ቀና ያለው ለዚህ ነው።

የካራቫኑ አፍንጫ፣ ማለትም ከፒካፑ ጋር የሚያያዘው የፊት ጫፉ፣ ጋንቾው ላይ የሚጥለው ክብደት፣ ካራቫኑ ከነዕቃው ከሚመዝነው ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉ መሆን አለበት። ለአሜሪካ ካራቫን ልኩ ይህ ነው። ከዚህ ሲያንስ ኋላው ይወዛወዛል። ሲበዛ የፒካፑ ኋላ ይወድቃል።

የአንተን አልመዘንኩትም። ግን በግምት እንሥራው። ካራቫኑ ከነዕቃው 2,500 ኪሎ ነው እንበል። አፍንጫው 300 ኪሎ ይጥላል፤ ይህ ከመቶ 12 ነው፣ ጤነኛ ቁጥር። የጋንቾው ኳስ፣ የካራቫኑ አፍ የሚቆለፍበት ክብ ብረት፣ ከኋላው አክስል 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ወጥቷል እንበል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ደግሞ 3.1 ሜትር አለ። 300ው ኪሎ ከአክስሉ ኋላ ስለሚጫን እንደ መፈንቅል ይሠራል፤ ከፊት ጎማዎች ላይ 116 ኪሎ ያነሳና የኋላው አክስል ላይ 416 ኪሎ ይጭናል። አየህ? የፊት ጎማህ ከአንድ ኩንታል በላይ ቀለለው። መሪው የተንሳፈፈው፣ መብራቱም ዛፍ ያበራው ለዚህ ነው።

አሁን ጤፉን ጨምር። ሁለት ኩንታል፣ ከካራቫኑ አክስል 2.5 ሜትር ኋላ። ከአክስሉ እስከ ኳሱ 4.5 ሜትር ከሆነ፣ ጤፉ ብቻውን ከአፍንጫው ላይ ወደ 111 ኪሎ ያነሳል። 300 የነበረው 189 ሆነ። ካራቫኑ ግን 2,700 ደረሰ። ከመቶ 7! ሉማሜ አካባቢ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ፍጥነት ጨምረሃል፣ አውቶብሱ አጠገብህ ሲያልፍ አየሩ ገፋ አደረገው። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ጥፋቱን በአውቶብሱ ሹፌር አታሳብብ።

ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት መዝን። የጎጃም ሰው ሚዛን አያጣም። ሦስት አራት ኩንታል የሚችል የወለል ሚዛን ያለው እህል ነጋዴ ፈልግና አስፈቅድ። ካራቫኑን ደልዳላ ቦታ አቁም፣ ጎማዎቹ ላይ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። ለጉዞ የምትይዘውን ዕቃ በሙሉ በየቦታው ጫን፤ ውሃውንም ሲሊንደሩንም። ከዚያ ኳሱን በሚውጠው አፍ ሥር ወፍራም የባሕር ዛፍ ቁራጭ ሚዛኑ ላይ አቁመህ አፍንጫውን በቀስታ አውርድበት። ካራቫኑ ስትስበው እንደሚሆነው አግድም ይሁን፤ ካዘነበለ ቁጥሩ ይዋሻል። የአሜሪካ ካራቫን አፍንጫው ላይ የራሱ ክሪክ ስላለው ሥራው ቀላል ነው። የቁራጩን ክብደት መቀነስ እንዳትረሳ። ጠቅላላውን ደግሞ በከባድ መኪና ሚዛን ታገኘዋለህ። በሩ አጠገብ የተለጠፈውን ወረቀትም አንብብ። በፓውንድ ነው የተጻፈው፤ አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ነው። እዚያ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ካለፍክ ስለ ጋንቾ ማውራት ትተን ስለ ዕቃ መቀነስ እናወራለን።

አንድ ነገር ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ፍሬን። የአሜሪካ ካራቫን አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው ያለው። ጋቢናህ ውስጥ ከመሪው ሥር የምትገጠም ትንሽ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለች፤ ፍሬን ስትረግጥ ወደ ካራቫኑ ጎማዎች ኮረንቲ የምትልከው እሷ ናት። ስለሷ አንድ ቃል አልጻፍክም። ፒካፕህ ላይ ከሌለች ያን ሁሉ የዓባይ ቁልቁለት የወረድከው በፒካፑ ፍሬን ብቻ ነው ማለት ነው። ከሺህ ሜትር በላይ ወርደህ፣ ከኋላህ 25 ኩንታል እየገፋህ! የፍሬን ሸራው ሽታ አልመጣብህም?

ይህን ሳታስተካክል ጋንቾ አትግዛ። ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለፍሬኑ አውጣው። የሚሠራ መሆኑን ለማየት ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። አፍንጫው አካባቢ በቀጭን ገመድ የተያዘች መንቀያ አለች። ካራቫኑ መንገድ ላይ ቢበጠስ እሷ ትነቀልና በራሱ ባትሪ ፍሬን ይይዛል። ባትሪውን ሞልተህ፣ ቆመህ እያለ ንቀላትና ፒካፑን በቀስታ ወደ ፊት ሞክር። የካራቫኑ ጎማዎች አንቀው ከያዙ መልካም። እንደ ልባቸው ከተንከባለሉ ወደ ኤሌክትሪሺያን። መንቀያዋን ወዲያው መልስ፣ አለበለዚያ የፍሬኑ ማግኔት ይግላል።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ እንምጣ።

ክብደት አከፋፋይ ጋንቾ ማለት ወፍራም የጋንቾ ራስና ሁለት የስፕሪንግ ብረት ክንዶች ናቸው። ክንዶቹ ከጋንቾው ራስ ተነስተው ወደ ኋላ፣ ወደ ካራቫኑ አፍንጫ ሻንሲ ይዘረጋሉ። ጫፋቸው በካቴና ወደ ላይ ተስቦ ይታሰራል፤ ወይም በጎን ያለ ማስቀመጫ ላይ ያርፋል። የግንበኛ የእጅ ጋሪ እጀታ ከፒካፕህ ኋላ በይደህ ሁለት ጎረምሶች ቀና ቢያደርጉት ምን ይሆናል? የፒካፑ ኋላ ይነሳል፣ አፍንጫው ይወርዳል። ክንዶቹ የጎረምሶቹን ሥራ ይሠራሉ። ከላይ በሠራነው ሒሳብ፣ ለፊት ጎማዎች 58 ኪሎ ለመመለስ ክንዶቹ ከኋላው አክስል ላይ ወደ 90 ኪሎ ያነሳሉ። ቀሪው 32 ኪሎ ወደ ካራቫኑ ጎማዎች ይሄዳል።

ልብ በል፣ ከጠቅላላው አንድ ኪሎ አልጠፋም። ክብደቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም። «ይህን ብረት ካሰርክ ፒካፕህ ተጨማሪ ቶን ይስባል» የሚልህ ነጋዴ ካጋጠመህ ሻይህን ጨርሰህ ውጣ።

አመራረጡ እንዲህ ነው። ክንዶቹ የሚሸጡት በሚችሉት የአፍንጫ ክብደት ነው፤ ብዙ ጊዜ 600፣ 800፣ 1,000 እና 1,200 ፓውንድ እየተባለ። 300 ኪሎ 661 ፓውንድ ገደማ ነው። ከፒካፑ የኋላ አክስል ኋላ የምትጭነውም ይታሰባል፤ 50 ኪሎ ካለ 110 ፓውንድ ጨምርና 771። ስለዚህ 800ው ይሆንሃል። «ለማንኛውም ትልቁን ልውሰድ» ማለት ልማዳችን ነው። እዚህ ላይ አይሠራም። ከልክ በላይ ጠንካራ ክንድ አይታጠፍልህም፤ ኮረኮንች ላይ እያንዳንዱን ጉድጓድ በካራቫኑ ሻንሲና በፒካፑ ጋንቾ ላይ ይመታዋል። ብየዳ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው።

ክንዳቸው ከራሱ ሥር ወደ ላይ የሚሰካና ከጎን የሚገባ አለ። ከጎን የሚገባው ከመሬት ከፍ ይላል። በየከተማው መግቢያ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ስለማውቀው ለአንተ ይሄኛውን እመርጣለሁ። መወዛወዙን በሰበቃ፣ በብረት መፋተግ፣ የሚገታ መያዣ አብሮት ያለም አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን አብሮ ቢመጣ አልጠላውም። የጤፉን ስህተት ግን አይሸፍንልህም።

ኳሱን አደራ! እኛ ገበያ በብዛት የሚገኘው 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ካራቫኖች ግን ወይ 50.8 ወይ 58.7 ሚሊ ሜትር ኳስ ይፈልጋሉ። 58.7 የሚፈልገውን አፍ በ50 ኳስ ላይ ብታስቀምጠው ይገባል፣ ይዘጋል፣ የያዘም ይመስላል። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል። አፉ ላይ ቁጥሩ ተቀርጾ ታገኘዋለህ፤ ቀለም ቢሸፍነውም ፍቀህ አንብበው። ከዚያ ጎንበስ ብለህ የፒካፕህን ጋንቾ እይ። አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው፣ ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ ነው? ወይስ መከላከያው ላይ የተበየደ ነው? የተበየደ ከሆነ ክንዶቹ ጠምዝዘው ይነቅሉታል። የመኪናህንም መጽሐፍ አንብብ፤ ይህን ዓይነት ጋንቾ የማይፈቅዱ አምራቾች አሉ።

(የአውሮፓ ካራቫን ያላችሁ አንባቢዎች፣ ይህ ምክር ለእናንተ አይደለም። የእናንተ ፍሬን በግፊት የሚይዝ ነው፣ አፍንጫውም የተሠራው ለቀላል ክብደት ነው። ክንዶቹ ግፊቱን ሊያግዱት ይችላሉ። አምራቹን ሳትጠይቁ አትሞክሩት።)

ስለ በያጁ ጎረቤትህ። እጁን አልጠራጠርም፣ ሙያተኛ ሊሆን ይችላል። ግን ስፕሪንግ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በእሳትና በማቀዝቀዝ ነው። ብየዳ ሲነካው ያ ጥንካሬ እዚያች ቦታ ላይ ይጠፋል፣ ይሰባበራል። ደግሞ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም እሱም አንተም አታውቁም። በጎረቤትነት አንድ ሥራ ስጠው ካልክ የካራቫኑን ደረጃ ያብጅልህ።

አገጣጠሙ ላይ አትቸኩል። የነዳጅ ማደያ ሲሚንቶ ሜዳ ነው፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂድ። ሜትር ያዝ። ካራቫኑ ሳይታሰር ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎ ጠርዝ ለካ። 92 ሴንቲ ሆነ እንበል። ካራቫኑን ጫንና ክንዶቹን ሳታስር እንደገና ለካ። 96 ሆነ፤ አፍንጫው አራት ሴንቲ ተነሳ። አሁን ክንዶቹን አስረህ ለካ። ብዙ አምራቾች ከተነሳው ግማሹን መልስ ይላሉ፣ ማለትም 94። የአንተ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ስማ። 94 ካልደረሰ ካቴናውን አንድ ቀለበት ሳብ፣ ወይም የራሱን ማዘንበያ በሮንዴላ ጨምር። ከ92 በታች ከወረደ ግን አበዛኸው። ያን ጊዜ የኋላ ጎማህ ይቀልልና ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ቆመህ ትሽከረከራለህ። በመጨረሻ ካራቫኑ አግድም መሆኑን ከጎን ሆነህ እይ። ልኩ ሲገኝ ቀለበቱን ቀለም ቀባው፤ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ታስረዋለህ። ከ50 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹን ደግመህ አጥብቅ። ክንዶቹ ስላሉ ተብሎ የደኅንነት ካቴናዎቹ አይቀሩም፤ ከአፍንጫው ሥር አጣምረህ እሰራቸው።

ክንዶቹን ስትፈታ ደግሞ ጠንቀቅ በል። እኔ እግሬ ላይ እስካሁን ምልክቱ አለ። ቡሬ አካባቢ አንድ ፕሮጀክት ላይ መካኒክ ሆኜ ስሠራ የቀያሾቹን ካራቫን እንድፈታ ተላክሁ። ዝናብ መጥቶ ነበር፣ ቸኮልኩ። ክሪኩን ሳላነሳ፣ ክንዱ እንደተወጠረ ማስለቀቂያውን በእጄ ገፋሁት። ማስለቀቂያው ከእጄ አመለጠና ቅልጥሜን አገኘው። ጮኼ የወደቅሁት ጭቃው ውስጥ ነው። ያን ቀን ማንም ያልነገረኝ ነገር ይህ ነው፦ አፉ ከኳሱ ጋር እንደተቆለፈ የካራቫኑን ክሪክ አውርደህ አፍንጫውንና የፒካፑን ኋላ አብረህ ከፍ አድርግ። ክንዶቹ ይላላሉ። ከዚያ በረጅም ማስለቀቂያ፣ ፊትህንም እግርህንም ከአቅጣጫው ዘወር አድርገህ ፍታ። ስታስርም እንደዚሁ።

ክንዶቹ የአስፓልት ናቸው። ከአስፓልት ወጥተህ ወደ ግሽ ዓባይ ዘመዶችህ ጋ ስትገነጠል ሜዳው ሲሰባበር አላላቸው ወይም አውጣቸው። የግቢህ በር ፊት ያለው ቦይም እንደዚያው። ፒካፑ ቦዩን ተሻግሮ ከፍ ሲል፣ ካራቫኑ ቦዩ ውስጥ ሲወርድ ክንዱ ላይ የሚመጣው ጉልበት ከታሰበለት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ በሹል ስትዞርም ተጠንቀቅ፤ ለብቻዋ የምትገጠም የሰበቃ ክንድ ካለችህ ወደ ኋላ ከመንዳትህ በፊት አውልቃት።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የራሱ ሕግ አለው። ያን ቁልቁለት በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። ፍሬንህን ረግጠህ አትክረም፤ ያዝ አድርገህ ልቀቅ። አስፓልቱ በየቦታው ተንሸራቶ ማዕበል ሠርቷል፤ ማዕበሉ ላይ ፒካፑና ካራቫኑ ተራ በተራ ይሰግዳሉ። ክንዶቹ ይህን ስግደት ይቀንሱልሃል፣ እዚያ ላይ ገንዘብህን ያወጣሉ። ህዳሴ ድልድይ ከመድረስህ በፊት ሰፊ ቦታ ካገኘህ ቆመህ እጅህን ወደ ጎማው መሃል አስጠጋ። ሙቀቱ እጅህን የሚመልሰው ከሆነ ሻይ ጠጣ።

መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ ሦስት ነገር አታድርግ፦ ፍሬን አትርገጥ፣ መሪውን አታወዛውዝ፣ «እበልጠዋለሁ» ብለህ ነዳጅ አትስጥ። እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ያቺ ያልኩህ ሳጥን ካለችህ ላይዋ ላይ ያለውን ማንሻ በእጅህ ተጫን፤ ካራቫኑ ብቻውን ፍሬን ይዞ ቀጥ ይላል። የት እንዳለች ለባለቤትህም አሳያት። ጎንህ የምትቀመጠው እሷ ናት።

የመዘንከውን ሁለት ቁጥር፣ የአፍንጫውንና የጠቅላላውን፣ ጻፍልኝና ስለ ክንዱ መጠን እንደገና እንነጋገራለን። ጤፉን ግን ለዘመዶችህ በአይሱዙ ላክላቸው።